ቀይ ክር ያልያዝኩበት ሩጫ

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ለቤተል ጫማ ልገዛ ሆሳዕና መናኸሪያው ጀርባ ካሉት ጫማ ሻጮች ዘንድ ሄጄ ነበር። ሻጩ ነጭ ሸራ ጫማ ከላስቲክ ውስጥ አውጥቶ ሲሰጠኝ የአዲስ ጎማና የማስቲሽ ሽታው ቀጥ ብሎ ሆዴ ገባ። ልጄ አንዱን እግሯ ላይ ስትለካ እኔ ሌላኛውን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። «እማ፣ ሰው እያየሽ ነው» አለችኝ። ሻጩም «እህቴ፣ እሱ አይበላም፣ ይደረጋል» ብሎ ሳቀብኝ። አፍሬ ጫማውን መለስኩለት። ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሞ ጭራሽ ደነገጥኩ። እኔ የመጀመሪያዬን ሸራ የገዛሁት በመቶ አሥር ብር ነበር። ሰውዬው መቶ ሃያ ብሎ፣ ጓደኛዬ አልማዝ ተከራክራልኝ፣ እኔ ከጀርባዋ ቆሜ። መከራከር አልችልም ነበር፤ አሁንም ብዙ አልችልም።

«ያን ጊዜ» ስል ቤተል ትስቃለች፤ ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አራት ነው። ለእኔ ግን ሩቅ ነው። ያኔ የምንኖረው ከሀቢቾ ገበያ አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ መንደር ነበር። የሀቢቾ ሻይ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሻይ አንድ ብር ከሃምሳ፣ ትኩስ ፓስቲ አንድ ብር። ሞባይል ያለው ሰው ኪሱ ውስጥ አይከተውም፤ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገበያ መሃል ይዞርበታል። ሴቶች ከቀሚስ ሥር ሱሪ መልበስ የጀመሩበት ጊዜ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ሱሪውን እስከ ጉልበት ይጠቀልሉት ነበር። ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ ሚሞሪ ካርድ ላይ መዝሙር የሚጭን ሰው ቀኑን ሙሉ አንዱን የሀዲይኛ መዝሙር ደጋግሞ ያሰማል። ገበያተኛው ሁሉ ሳይታወቀው በዚያ ዜማ ልክ ይራመድ ነበር። እኔም ሸክሜን ይዤ ዳገቱን የምወጣው በልቤ እሱን እየዘመርኩ ነው።

ሸክሜ ቆጮ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ እናቴን ወገቧን አመማት፤ እንሰት መፋቁም፣ ገበያ መውሰዱም ለእኔ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቆጮ በጀርባዬ አዝዬ ዳገቱን ስወጣ የስፖርት አስተማሪው ጋሽ ደምሴ ተማሪዎቻቸውን ሲያሮጡ አገኘኋቸው። ጋሽ ደምሴ አባታቸው ድሮ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ሀዲይኛውን ከእኛ እኩል ይናገራሉ። ገበያው እንዳይበተንብኝ ቸኩዬ ስለነበር ተማሪዎቹን አልፌ ሄድኩ። ከኋላዬ ጠሩኝ።

«አንቺ! ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

«ቆጮ።»

ወደ ልጆቹ ዞሩ። «አያችሁ? በቆጮ ተበለጣችሁ። ነገ ድንጋይ አሸክማችኋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከአልማዝ ጋር ሆኜ ከሳቸው ተማሪዎች ጋር መሮጥ ጀመርኩ። አልማዝ ጎረቤቴ ናት። ብዙም አትፈጥንም፤ የመጣችው እኔ ብቻዬን ስለማፍር ነው። ስሮጥ ብቻ ነበር የማላፍረው። ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ቃል የሚጠፋብኝ ሴት፣ እግሬ ሲሞቅ ማንም ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባሌም ቢሆን።

በሦስተኛው ዓመት ለማቲዎስ ታጨሁ። ማቲዎስ ከወንዙ ማዶ፣ ከረጅሙ ዳገት አናት ላይ ያለው ቀበሌ ልጅ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ሰርጉ ከያሆዴ፣ ከአዲስ ዓመታችን በዓል በኋላ እንዲሆን ሽማግሌዎች ተስማሙ። የማቲዎስን አባት ስም እዚህ አልጽፈውም። እስከ ዛሬም በአፌ ጠርቼው አላውቅም። በእኛ ወግ ሴት ልጅ ለአንድ ቤት ከታጨችበት ቀን ጀምሮ የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ በፊታቸው አታልፍም፣ መንገድ ላይ ካገኘቻቸው ከመንገዱ ወጥታ ፊቷን አዙራ እስኪያልፉ ትቆማለች። ከሳቸው የምትፈልገው ነገር ካለ ሰው ትልካለች። ይህን ማንም ተቀምጦ አያስተምርሽም። እናትሽ ስታደርገው አይተሽ ታድጊያለሽ፣ ጊዜው ሲደርስ እግርሽ ራሱ ያውቀዋል።

ታዲያ እኚህ ሰው እኔ እንደምሮጥ አያውቁም ነበር። ማቲዎስ ያውቃል፣ ደስም ይለዋል፤ ግን አባቱን ይፈራል። «አና ምን እንደሚሉ እንጃ» ይለኛል፤ አና አባቱ ናቸው። ምራታቸው ቱታ ለብሳ ገበያ መሃል ስትሮጥ ሰው ሲያወራ ቢሰሙ ምን ይላሉ? እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሩጫ የለም። እኔ ሌሊት ሌሊት ስለ ሰርጉ ልብስ ሳይሆን ስለዚህ ነበር የማስበው።

በዚያ ክረምት መውጫ ላይ ከሆሳዕና የመጡ ሰዎች የዳገት ሩጫ እንደሚያዘጋጁ ተነገረ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፤ ግን በአስፋልት ሳይሆን በእግር መንገድ። ከሀቢቾ ገበያ ሜዳ ተነስቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ረጅሙን ዳገት ይወጣል፣ በጋራው ጫፍ ዞሮ በሌላ መንገድ ይመለሳል። ከሴቶች እስከ አምስተኛ የወጡት ሆሳዕና ማሠልጠኛ ይገባሉ፤ ማደሪያ፣ ምግብና ጫማ ይሰጣቸዋል። ማቲዎስ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ከአምስቱ ግቢ እንጂ እኔ ለአና እነግራቸዋለሁ። ‹ትሮጣለች› አልላቸውም፤ ‹ተመርጣለች› ነው የምላቸው» አለኝ። እንዲህ ሆኖ ሁሉ ነገሬ አምስተኛ ከመውጣትና ካለመውጣት ጋር ተያያዘ።

የሩጫው ጠዋት ጭጋግ ነበር። ፒክአፕ ላይ የተጫነ ሞንታርቦ መዝሙርም ዘፈንም እየቀላቀለ ይጮሃል። ከዱራሜ፣ ከሀደሮ፣ ከቦኖሻ ሳይቀር ሯጮች መጥተዋል፤ የአንዳንዶቹን ጫማ ሳይ የኔን ሸራ ከሣሩ ውስጥ ደበቅኩት። ቁጥሬን አልማዝ በመርፌ ቁልፍ ደረቴ ላይ አሰረችልኝ፤ የሷን ደግሞ እኔ አሰርኩላት። ቱታዬን ከላይ በጉርድ ቀሚስ ሸፍኜው ነበር፤ ጋሽ ደምሴ አይተው፣ «ልጄ፣ ወደ ሩጫ ነው ወይስ ወደ ለቅሶ?» አሉኝ። ቀሚሱን አወለቅኩ። ከዚያ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለው ዳኛ ደንቡን ነገረን። ወንዙ ጋ ቢጫ ክር፣ ዳገቱ አናት ላይ ቀይ ክር ይሰጣል። ክሮቹ በክብ ተቋጥረው ስለተዘጋጁ እጅሽን ዘርግተሽ እያለፍሽ ትቀበያለሽ። ሁለቱን ይዞ ያልመጣ አይቆጠርም። ባለፈው ጊዜ ክር የያዙት ጎረምሶች ለጓደኞቻቸው እያደሉ አስቸግረው ስለነበር አሁን በየቦታው የማይዋሹ ሽማግሌዎች ቆመዋል አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ቁልቁለቱን እንደ ልማዴ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ወንዙ ጋ ቢጫ ክሬን ተቀበልኩ። ዳገቱ ሲጀምር ባለ ጥሩ ጫማዎቹ ወደ ላይ ቀና ብለው ርዝመቱን እያዩ ተስፋ ቆረጡ፤ እኔ ጋሽ ደምሴ እንዳስተማሩኝ የምረግጠውን ብቻ እያየሁ ወጣሁ። ቀይ አፈር ጫማዬ ላይ እየተለጠፈ ከበደኝ፤ ግን ቆጮ አልተሸከምኩም። አንዷን አለፍኳት፣ ሌላዋንም አለፍኳት። ፊቴ ሦስት ሴቶች ብቻ ቀሩ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዳገቱ አናት አጠገብ መንገዱ በሁለት የእንሰት አጥሮች መሃል ይጠብባል፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው። እዚያ ቀና ስል፣ ጥቁር ጃንጥላ ክንዳቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ቦት ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ቀይ ክሮች በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የማቲዎስ አባት ነበሩ።

በኋላ ሰው ሁሉ ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ ጠየቀኝ። እንዳሰብኩበት አድርገው ነው የሚጠይቁኝ። እኔ አላሰብኩም። እጄን ወደሳቸው ዘርግቼ፣ በጠባቡ መንገድ ፊታቸውን ታክኬ ማለፍ ነበረብኝ። እግሬ ግን ከመንገዱ ወጥቶ እንሰቱ ውስጥ ገባ። ቅጠሉ ውሃውን ላዬ ላይ አፈሰሰው። በጓሮ ወረድኩ፣ አንድ ገደል በእጄና በጉልበቴ ወጣሁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እንደገና መንገዱን አገኘሁት። ያን ጊዜ ነው ክሩ ትዝ ያለኝ። ግን አልደነገጥኩም። አልማዝ ከኋላዬ እየመጣች ነው፣ እሳቸውን ስታይ ይገባታል፣ ለኔም ትቀበልልኛለች ብዬ ነው የሮጥኩት። ከሳቸው የምፈልገውን በሰው ነው የማስመጣው፤ በልቤ ከዚህ የበለጠ ትክክል የሆነ ነገር አልነበረም። በጓሮ ስዞር ሁለት ሴቶች አልፈውኝ ነበር፤ አንዷን መልሼ አለፍኳት። አምስተኛ ሆኜ ገበያ ሜዳ ገባሁ።

ዳኛው እጄን ይዞ አየው። «ቢጫው አለሽ። ቀዩስ?»

«ጓደኛዬ ይዛልኝ ትመጣለች።»

«ምኑን?»

«ክሩን።»

ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰማችሁ? ክሯ በሰው እየመጣ ነው!»

«እግሯስ በማን ነው የመጣው?» አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ። ሜዳው ሳቀ። ከወደ ኋላ አንዱ «አቋራጭ ገብታ ነው» ሲል ሳቁ ቆመ። ሌባ የተባልኩ ያህል ተሰማኝ። ጋሽ ደምሴ እየሮጡ መጡ።

«ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?»

«አይ።»

«ታዲያ ተናገሪ እንጂ ልጄ!»

«ሽማግሌው...»

«ሽማግሌው ምን አደረጉሽ?»

«ምንም» አልኩና አለቀስኩ። ያን ሁሉ ወንድ ፊት የእጮኛዬ አባት ብዬ እንዴት ልናገር? ስድስተኛዋ፣ የሀደሮ ልጅ፣ ሁለት ክሯን ይዛ አጠገቤ ቆማ ታለከልካለች። ዳኛው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አልማዝ ከሩቅ እየጮኸች መጣች። «እምቢ አሉኝ! እምቢ አሉኝ እኮ!» እጇ ላይ አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ። ትንፋሿን ሳትሰበስብ ለሜዳው ሁሉ አወራችው። «‹አባባ፣ አንድ ለጓደኛዬም ይጨምሩልኝ› አልኳቸው። ‹ለአንድ እጅ አንድ ክር ነው የተባልኩት፣ ራሷ ትምጣ› አሉኝ። ‹መምጣት አትችልም› ስላቸው፣ ‹ታማለች?› አሉ። ‹አልታመመችም፣ እርስዎን አይታ ነው።› ‹እኔ ምን አደረግኋት?› ‹ገና ምንም አላደረጓትም፤ ከያሆዴ በኋላ ምራትዎ ልትሆን ነው!›»

የዚያን ዕለት ሳቅ እስከ ወንዙ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ቅቤ ሻጯ ራሷ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። ዳኛውም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ። «እናቴ እኮ አያቴን አይታ አጥር ዘላለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይገባኛል። ግን ክር የሌላትን ብቆጥር ለዚህች ልጅ ምን እላታለሁ?» የሀደሮዋ ልጅ መሬት መሬቱን ታያለች። ስሟን ረስቼዋለሁ፤ ጥርሷ ፍንጭት ነበር። ማሠልጠኛ የገባችው እሷ ናት።

ሽልማቱ ተሰጥቶ፣ ሞንታርቦው ሊጫን ሲል፣ ሰውም እየተበተነ እያለ፣ የማቲዎስ አባት ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው ገበያ ሜዳ ደረሱ። አልማዝ ጀርባ ገባሁ። እሳቸው ወደ ዳኛው ሄዱ።

«ያቺ እንሰት ውስጥ የገባችው ልጅ ደርሳለች?»

«ደርሳለች አባት። ግን አልተቆጠረችም።»

«በጓሮ ነው የወጣችው። ከብታችን እንኳን አይወጣበትም። አቋራጭ አይደለም፣ ዙሪያ ነው።»

«አምንዎታለሁ።»

«ካመንከኝ ቁጠራት።»

«ለራሷ እጅ ብቻ ስጡ ያልናችሁ እኛ ነን አባት።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልለመኑም። ወደ እኛ መጥተው አምስት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙና ፊታቸውን ወደ ገበያው አዞሩ። እኔም ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። አልማዝ መሃላችን ቀረች።

«ምላሰኛዋ፣ ንገሪልኝ» አሏት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሮጠው በያት።»

አልማዝ ወደ ጆሮዬ ዞረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሮጪው?»

«ሦስት ዓመት» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሦስት ዓመት ትላለች።»

«ማቲዎስ ያውቃል?»

«ያውቃል ትላለች» አለች፤ እኔ ግን ምንም አላልኩም ነበር።

«እንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።»

«ይሄንንም ልንገራት?»

አካባቢው ያለው ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ካገባች በኋላም ልትሮጥ ነው ወይ በያት» አሉ።

አልማዝ ወደ እኔ ዞረች፤ አፏን ግን አልከፈተችም። ይህን ጥያቄ ራሴው ሰምቼዋለሁ። አይሆንም ብል ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ በክብር እዳራለሁ፣ ማንም ስሜን አያነሳም። በሹክሹክታ አዎ ብል አልማዝ አሳምራ ትነግራቸዋለች። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ግን አልማዝ እንድትነግርልኝ አልፈለግኩም። ከጀርባዋ ወጣሁ። ቀና አላልኩም፤ የማየው ቦት ጫማቸውን ብቻ ነው፣ የዚያው ዳገት ቀይ ጭቃ እንደተለጠፈበት።

«አዎ» አልኩ። በራሴ አፍ፣ በሙሉ ድምፅ።

ፒክአፑ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። እኔ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ እጸልያለሁ።

«ድምፅም አላት እንዴ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ፊታቸውን ከገበያው ሳይመልሱ፣ ግን ያለ አልማዝ፣ ለእኔ ተናገሩ። «እንግዲህ ስትሮጪ እኔን ካየሽ ከመንገድ አትውጪ።»

በእኛ ወግ የባል አባት ይህን የሚለው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ልጅ ወልደሽ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጊደር ተሰጥቶሽ። ገበያ መሃል፣ ገና ሳይድሩኝ ሲሉት አንድ የሚያውቃቸው ሰው፣ «ጊደሯስ?» ብሎ ጮኸ። «በኋላ ትመጣለች!» አሉና ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

አሁን በጣም አርጅተዋል፤ ከእኛ ጋር ሆሳዕና ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በኮቴ ነው ሰው የሚለዩት። ቤተል ስማቸውን ከነአባታቸው እየጠራች ስትቀልድባቸው እኔ ሰውነቴ ይሰቀቃል፤ እሳቸው ይስቃሉ። እኔ ትልቅ ሯጭ አልሆንኩም። ጥቂት ዓመት በየከተማው ሮጫለሁ፣ አንድ ጊዜ ዱራሜ ላይ ሦስተኛ ወጥቻለሁ፣ ከዚያ ልጅ መጣ። ሰው «ማሠልጠኛው ስላመለጠሽ አልቆጨሽም?» ይለኛል። ይቆጨኛል፤ ለምን አይቆጨኝም? ያቺ የሀደሮ ልጅ ያገኘችውን ጫማ በሕልሜ አይቼዋለሁ። ግን ያንን ዓመት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሌላ ጠዋት ነው።

ከሰርጉ በኋላ ነው። አዲስ ሙሽራ ለሳምንታት ከቤት አትወጣም፤ አተካና የሚባለው ምግብ ይሠራላታል፣ ቡላው በቅቤ እየዋኘ ትበላለች፣ ትወፍራለች፣ ሥራ አይነካትም። እግሬ ምጣድ ላይ እንደተቀመጠ ሆኖብኝ ነበር፤ ግን እንኳን ልሮጥ፣ ከደጅ ልውጣ ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከበር ውጭ ሳል ተሰማ።

«ማቲዎስ» አሉ አባቱ። «ጭጋጉ ገና አልተነሳም። እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ሳይወጡ ትውጣ።»

ማቲዎስ ተነስቶ ተቀመጠና አየኝ። ጫማዬን ያደረግኩት ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነው። እስከ ወንዙ ወረድኩ፤ ሆዴ ውስጥ አተካናው ይላጋል፣ ትንፋሼ ከግማሽ መንገድ አያልፍም። ዳገቱን ግን መውጣት ጀመርኩ። ግማሽ ላይ፣ መንገዱ ሌላ ጠባብ ቦታ አለው፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል የእንሰት አጥር። ከጭጋጉ ውስጥ ጋቢና ጃንጥላ ወጣ። እዚያ ድረስ ወርደው ቆመው ነበር።

እግሬ ወደ አጥሩ ዘመም አለ። አውቆታል፤ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ወደ መንገዱ መለስኩት። ስቀርብ ልቤ የሚመታው ከዳገቱ ይልቅ በሳቸው ምክንያት ነበር። ወደ ወንዙ እያዩ ቆሙ፣ አንገታቸውን እንኳን አላዞሩም። ጋቢያቸው ክንዴን ነክቶት፣ በፊታቸው አለፍኩ። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ።

«እጅሽን አታወናጭፊ!»

እጄን ሰበሰብኩ። ዳገቱ ገና ግማሽ ይቀረው ነበር።